ስለ ክፉ ቀን ስልቻ፤ ቤተ ሰብ በድንገት ወደ ዱር ቢወጣ ምን ይዞ ሊወጣ እንደሚገባው

ሰው በሰላም ቀን ተቀምጦ ሳለ የመከራን ወሬ ያነሡበት እንደ ሆነ፤ ሟርት ነው ብሎ ፊቱን ያዞራል። ጎተራው ሞልቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ልጆቹ በዙሪያው ተኝተው ሲያይ፤ ይህ ሁሉ በአንዲት ሌሊት ሊፈታ ይችላል ብሎ ማሰብ ይከብደዋል። ዳሩ ግን ክፉ ቀን ደጅ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ መሰናዶ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፤ አንድ ቤተ ሰብ በድንገት ቤቱን ጥሎ ወደ ዱር ለመውጣት፤ በዚያም ብዙ ጊዜ ለመቆየት ቢገደድ፤ ምን ይዞ ሊወጣ እንደሚገባው ለክቡራን አንባብያን ለመግለጽ አስበናል።

ይህንንም የምንጽፈው ሰውን ለማስፈራራት ብለን አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከሞቱትም ውስጥ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩባቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፤ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጥተዋል። ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በሆነው ጦርነትም፤ ስንት እናት ልጇን አዝላ በእግሯ ተራራ እንደ ተሻገረች አንባቢ ሁሉ ሰምቷል። የእነዚህ ሁሉ መከራ በዓይነቱ ቢለያይም በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ይኸውም ለመምረጥ ጊዜ አልነበረም። የሚመረጠውን የምንመርጥበት ጊዜ እንግዲህ ዛሬ ነው።

ስለ ሸክም መጠን

ብዙ ሰው የክፉ ቀን ስልቻ ሲያሰናዳ መጀመሪያ የሚሳሳተው፤ ቤቱን በሙሉ በጀርባው ለማዘል በማሰቡ ነው። ጤናማ ጎልማሳ ሰው ዳገትና ቁልቁለት ሲሄድ ውሎ ሳይደክም ሊሸከም የሚችለው፤ የገላውን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ቢበዛም ከአንድ አራተኛ አይለፍ። ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ፤ 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 10 ኪሎ ቢይዙ ይበቃል። ሕፃን ያዘለች እናት ግን ሕፃኑ ራሱ ሸክም ስለሆነ ከዚህ ይቀነስላታል።

አሁን የ15 ኪሎውን ስልቻ እንመርምር። 3 ሊትር ውሃ 3 ኪሎ ይመዝናል። ደረቅ ስንቅ ለ10 ቀን 6 ኪሎ ይሆናል። የሱፍ ብርድ ልብስ 2 ኪሎ፤ ትንሽ ብረት ድስት፣ ቢላዋና ገመድ በአንድነት 1 ኪሎ ተኩል፤ ዝናም የማያስገባ ሸራ 1 ኪሎ፤ መለወጫ ልብስ 1 ኪሎ፤ መድኃኒት፣ ወረቀትና ጥቃቅን ነገር ግማሽ ኪሎ። ድምሩ 15 ኪሎ ሞላ። እንግዲህ ይህ ሒሳብ የሚያስረዳን፤ በሰው ጀርባ ላይ ከ10 ቀን ብዙ ያልበለጠ ምግብ ብቻ እንደሚወጣ ነው። ሦስት ወር በዱር ለመቆየት የሚያበቃ ስንቅ በአንድ ስልቻ ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ራሱን እያታለለ ነው።

ከዚህ የተነሣ የስልቻውን ዕቃ በሁለት ከፍሎ ማየት ይገባል። አንደኛው የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ውሃ፣ ምግብ፣ መድኃኒት የመሰለው ነው። ሁለተኛው የማያልቅ ዕቃ ነው፤ እርሱም ቢላዋ፣ ድስት፣ መርፌ፣ ገመድ፣ የእሳት መጫሪያ የመሰለው ነው። የሚያልቀው ዕቃ ከሞት አፋፍ ያሻግረናል፤ የማያልቀው ዕቃ ደግሞ ከተሻገርን በኋላ ያኖረናል። ለጥቂት ቀን የሚወጣ ሰው የመጀመሪያውን ቢያበዛ ደግ ነው፤ ለብዙ ጊዜ የሚወጣ ሰው ግን ሁለተኛውን ሊዘነጋ አይገባውም።

በቅሎ ወይም አህያ ያለው ቤተ ሰብ ከዚህ የበለጠ ለመጫን ይችላል። ቢሆንም ሕይወት የሚጠብቀው ዕቃ ሁሉ በሰው ጀርባ ላይ ይሁን እንላለን። ለምን ቢሉ፤ ከብት ሊደነብር፣ በገደል ሊቀር ወይም በሌሊት ሊሰረቅ ይችላልና ነው። መኪናም ቢሆን መንገድ እስካለና ነዳጅ እስካለ ድረስ ብቻ የሚያገለግል ነው።

ስለ ውሃ

በጥር ወር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የኢጣልያ ጦር፤ ምሽጉ በመድፍ የማይበገር ሆኖ ሳለ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ስለ ተያዘበት በውሃ ጥም ምሽጉን ለቆ ወጣ። ይህ ለጦር አዛዥ ብቻ ሳይሆን ለቤት እመቤትም ትምህርት ነው። ምግብ ያጣ ሰው ቀናትን፣ ምናልባትም ሳምንታትን ይቆያል፤ ውሃ ያጣ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል።

ለአንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ያስፈልገዋል። የአንድ ቀን ውሃ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ የወር ውሃ ግን ማንም አይሸከመውም። ስለዚህ ከውሃው ይልቅ ውሃውን የምናጠራበትን ዘዴ መያዝ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ዘዴ ማፍላት ነው። በዝቅተኛ ቦታ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ቢፈላ ይበቃዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ግን 3 ደቂቃ ይፍላ። ይህም የሆነበት ምክንያት፤ ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ስለሚቀንስ ነው፤ በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለተኛው ዘዴ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠውን እንደ ውሃ አጋር ያለውን የውሃ ማከሚያ፤ በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሦስተኛውም ማገዶና መድኃኒት ሲታጣ፤ ጥርት ያለውን ውሃ ቀለም በሌለው የላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ 6 ሰዓት ሙሉ በጠራ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ ሰማዩ ደመና ከሆነ 2 ቀን ይቆይ።

ውሃው የደፈረሰ እንደ ሆነ አስቀድሞ በጥቅጥቅ ነጠላ ይጠለል። በኮንሶና በደቡብ አገር የሚበቅለው የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ሲጨመርበት ጭቃውን ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ዳሩ ግን ውሃው ጥሩ መስሎ ቢታይም ሕዋሳቱ ፈጽመው አልሞቱምና፤ ከዚያ በኋላ ማፍላት አይቅር።

ስለ ስንቅ

የአገራችን እናቶች ለመንገደኛ የሚያሰናዱት ስንቅ፤ ዛሬ በውጭ አገር በውድ ዋጋ በቆርቆሮና በከረጢት ታሽጎ ከሚሸጠው የሚያንስ አይደለም። በሶ ገብሱ አስቀድሞ የተቈላ ስለሆነ እሳት ሳይነድ፣ ጭስም ሳይታይ፤ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው በጥብጦ ለመጠጣት፣ አሽቶም ለመብላት ይቻላል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ይዞ እየሄዱ የሚበሉት ናቸው። ጭኮ ቅቤ ስለ ገባበት በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ቅቤው እንዳይሻግት ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት። ድርቆሽ፣ ሽሮና ቋንጣ ውሃና እሳት ባለበት ቦታ የሚበሉት ናቸው።

ስለ መጠኑም እንናገር። ደረቅ የእህል ዱቄት በ100 ግራም 350 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 600 ግራም ዱቄት 2,100 ካሎሪ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለአንድ ጎልማሳ ሰው በጭንቅ ቀን ነፍስ ያቆያል። ዘይትና ቅቤ ግን በ100 ግራም እስከ 900 ካሎሪ ስለሚሰጡ፤ ጥቂት ዘይት በጠበቀ ጠርሙስ መያዝ ሸክሙን ሳያበዛ ኃይል ይጨምራል።

ጨው እጅግ አይዘንጋ። ላብ የሚያልበው ሰው ጨው ይፈልጋል፤ ሥጋ ለማድረቅም ጨው ይፈልጋል። ከዚህም በቀር ጨው በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ አሞሌ ለብዙ ዘመን መገበያያ ሆኖ ኖሯል። ብር በማይሠራበት በረሃ ጨውና መርፌ የዶሮና የእንቍላል ዋጋ ይሆናሉ።

ብዙ ወር መቆየት የማይቀር መስሎ ከታየም፤ ጥቂት የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥሮ መያዝ ብልኅነት ነው። ዘሩ ክብደት የለውም፤ እርጥበት ባለበት መሬት ከተዘራ ግን ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ቅጠሉ ለመቀንጠስ ይደርሳል።

ስለ ዱር ምግብ

ዱር የሚያበላው የሚያውቀውን ሰው ነው። በክረምት ወራት ሳማ ተቀቅሎ ይበላል፤ አሉማም እንዲሁ እንደ ጎመን ይቀቀላል። ቀጋ፣ ኮሽም፣ እንጆሪ፣ ዶቅማ፣ ሾላና ዋንዛ በየወራታቸው ፍሬ ይሰጣሉ። ነገር ግን የረኃብ ዓይን ሁሉንም ፍሬ አንድ አድርጎ ያያልና መጠንቀቅ ይገባል። መረንዝ የሚባለው ዛፍ ፍሬው ሲበስል አጋምን ይመስላል፤ እርሱ ግን ለፍላጻ መርዝ የሚቀመምበት ዛፍ ነው። መለያቸው ይህ ነው፤ አጋም እሾህ አለው፤ መረንዝ እሾህ የለውም። የጉሎ ፍሬና ዕፀ ፋሪስ የሚባለው አስተናግርም የሚገድሉ ናቸው። ያላወቁትን እንጉዳይ መብላት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

በተለይ ስለ ጓያ ልንናገር እንወዳለን። ጓያ ድርቅ የማይበግረው እህል ስለሆነ በክፉ ዘመን ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እርሱ ይቀራል። ነገር ግን ሰው ሌላ እህል ሳይቀላቅል ለ2 ወይም ለ3 ወር ጓያን ብቻ የበላ እንደ ሆነ እግሩን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ይይዘዋል፤ ይህም በሽታ ከያዘ በኋላ አይድንም። በደንቢያ፣ በፎገራና በደላንታ አገር ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት በምርኩዝ እንዲሄድ ሆኗል፤ ከተጐዱትም የሚበዙት ጐበዛዝት ናቸው። ስለዚህ ጓያ የግድ የሚበላ ከሆነ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል ጋራ ይቀላቀል፤ በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ። በዱር ለጥቂት ቀን የሚያኖር ምግብና ለብዙ ወር የሚያኖር ምግብ አንድ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

ስለ እሳት፣ ስለ ልብስና ስለ መጠለያ

ክብሪት በጧፍ ሰም ጫፉ ተነክሮ፤ ክዳኑ በሚጠብቅ ትንሽ ዕቃ ይቀመጥ። ሁለት ላይተርም በሁለት ልዩ ልዩ ሰው ኪስ ይሁን፤ አንዱ ቢጠፋ ሁለተኛው ይገኛልና ነው። የጽድ ልጥ ደርቆ ሲፈተል እሳት ቶሎ ይቀበላል፤ የወይራ እንጨት ፍሙ ይቆያል፤ ኩበትም እሳት ሲያሳድር ለዘመናት የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ የተገኘውን እሳት ማሳደር በየቀኑ ክብሪት ከመጫር ይሻላል።

በደጋው አገራችን ሰውን በዱር ቶሎ የሚገድለው ረኃብ ሳይሆን ብርድና ዝናም ነው። የጥጥ ልብስ በደረቅ ቀን ደስ ያሰኛል፤ ሲረጥብ ግን የገላን ሙቀት ይወስዳል። ጋቢ ዝናም የነካው እንደ ሆነ ሸክም እንጂ ልብስ አይሆንም። የሱፍ ልብስ ግን ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። የመንዝ ሰው ባና የሚሠራውና በርኖስ የሚለብሰው ብርዱን ስለሚያውቀው ነው። ስለዚህ በስልቻው ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ ይኑር፤ የሚለወጥ ካልሲም ሁለት ጥንድ ይጨመር። ጫማውም አዲስ አይሁን፤ እግር የለመደው ጫማ ይሁን። አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው በሁለተኛው ቀን ያነክሳል፤ ያነከሰ ሰውም ቤተ ሰቡን ሁሉ ያዘገያል።

ሸራው 3 ሜትር በ4 ሜትር ቢሆን አራት ሰው ያስጠልላል። በሚተኙበትም ቦታ ከላይ ከመሸፈን ይልቅ ከታች ማንጠፍ ይቅደም፤ ሣር ወይም ቅጠል ወፍራም አድርጎ ያላነጠፈ ሰው ሙቀቱን መሬት ይወስድበታል። በወንዝ ዳርና በደረቅ ወንዝ ውስጥ ማደር አይገባም፤ ዝናም በሩቅ ተራራ ዘንቦ ጎርፉ በሌሊት ሊደርስ ይችላል። መጸዳጃም ከውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር።

ስለ ጤና

በስደት ላይ ሕፃናትን ከሚገድሉት በሽታዎች አንደኛው ተቅማጥ ነው። ለዚህ የሚሆነው ኦ.አር.ኤስ. የተባለው ዱቄት ርካሽና ቀላል ስለሆነ በቁጥር በዛ ብሎ ይያዝ። እርሱ ሲያልቅ፤ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ይቻላል። መጠኑ ግን አይሳት፤ ጨው ከበዛ ሕፃኑን ይጐዳዋልና።

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የወባን ነገር አስቀድሞ ያስብ። ወባ በአገራችን ይበልጥ የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ቦታ ነው፤ የሚበረታውም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ አጎበር ምንም ቦታ ቢይዝ አይቅር። ለቍስል ማጠቢያ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅና የቍስል መድኃኒት ይያዝ። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ሌላ የዘወትር ሕመም ያለበት ሰው ግን ሁልጊዜ ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒት ትርፍ አድርጎ በስልቻው ያስቀምጥ። ለእንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱ ከእንጀራው አስቀድሞ የሚታሰብ ነው።

ስለ ሕፃናትና ስለ ሽማግሌዎች

የቤተ ሰብ ጕዞ ልኩ የሚወሰነው በብርቱው እግር ሳይሆን በደካማው ነው። ስልቻውን የሚያሰናዳ አባወራ አያትን እንዴት እንደሚወስድ ሳያስብ ስለ ምግብና ስለ ቢላዋ ቢያስብ፤ በመጨረሻው ሰዓት ከባድ ፍርድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ይነገር፤ አያትን የሚደግፍ ማን ነው? ሕፃኑን የሚያዝል ማን ነው? በቅሎ ቢኖር የሚቀመጥባት ማን ነው? ይህ በሰላም ቀን ሲነጋገሩበት ቀላል ነው፤ በጭንቅ ሌሊት ግን ወንድምን ከወንድም ያጣላል።

ሕፃኑ በአንቀልባ ይታዘል፤ ሁለቱ እጆች ነጻ ይሆናሉና። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ምንም አይሻም፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ቢጠማ እንኳ የምታጠባ እናት ውሃ አይጉደልባት። ከፍ ያለው ልጅ ከ3 ኪሎ የማይበልጥ የራሱ ትንሽ ቦርሳ ይኑረው፤ በውስጡም ውሃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሹራብና ፊሽካ ይሁን። ከጠፋ ባለበት ቆሞ ሦስት ጊዜ እንዲነፋ ይማር፤ ሦስት ድምፅ በብዙ አገር የጭንቅ ምልክት ነው። ስሙ፣ የአባቱና የእናቱ ስም በጨርቅ ላይ ተጽፎ በልብሱ ውስጥ ይሰፋ።

ስለ ወረቀት

በችሎት ጸሐፊነት ሥራችን ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር አለ። ከስደት የተመለሰ ሰው ቤቱን ሌላ ሰው ይዞት ያገኛል፤ ምስክሮቹ ሞተዋል ወይም ተበትነዋል፤ የያዘው ወረቀት ተቃጥሏል። እውነቱ ከእርሱ ጋራ መሆኑን ማንም ሳይጠራጠር ነገሩ ዓመታት ይፈጃል። እንዲህ ያለው ሰው ከዱር በሕይወት ተመልሶ በገዛ ደጁ ስደተኛ ይሆናል።

ስለዚህ የመታወቂያ፣ የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርትና የይዞታ ማስረጃ ቅጂዎች ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልለው በስልቻው ይቀመጡ፤ ሌላም ቅጂ በሩቅ አገር ባለ በታመነ ዘመድ እጅ ይኑር። የዘመዶች የስልክ ቍጥር በወረቀት ላይ በእጅ ይጻፍ። ስልክ መብራት ሲያጣ ይዘጋል፤ የዛሬ ዘመን ሰው ደግሞ የእናቱን ቍጥር እንኳ በቃሉ አያውቅም። ትንሽ በፀሐይ የሚሞላ የስልክ መሙያ ቢገኝ እሰየው፤ ወረቀቱ ግን አይቅር። ጥቂት ገንዘብም በዝርዝር ተለውጦ በሦስት ቦታ ተከፍሎ ይያዝ።

ስለ ቦታና ስለ ሰው

ኢጣልያ አገራችንን በያዘበት ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አርበኞቻችን በዱርና በገደል የኖሩት ከቤተ ሰቦቻቸው ጋራ ነው። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞች ከሴቶች፣ ከሽማግሌዎችና ከሕፃናት ጋራ ተከብበው፤ ጠላት የመርዝ ጋዝ በዋሻው ላይ አድርጎ እጅግ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ያን የመሰለ ጭካኔ የሚመክተው ስልቻ የለም። ነገር ግን አንድ ነገር እንማርበታለን፤ መሸሸጊያ የተባለ ቦታ መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ ለከበበው የተመቸ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ የሚሰበሰብበትን ቦታ ሲመርጥ ሁለት መንገድ ያለውን ይምረጥ፤ አንደኛው ቢዘጋ የሚገናኙበትንም ሁለተኛ ቦታ አስቀድሞ ይወስን።

እነዚያ አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ የቆዩት በስልቻቸው ስንቅ አልነበረም። ገበሬው እህሉን እያካፈላቸው፤ በከተማ ያሉት የውስጥ አርበኞች ደግሞ በስውር እየላኩላቸው ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በአዲስ አበባ ሆነው ለአርበኞች ይልኩ የነበረው መድኃኒት፣ ጥይትና ወሬ ለዚህ ምስክር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ለዚህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፤ ለብዙ ጊዜ በዱር የሚኖር ሰው ከሰው ተለይቶ እንደማይኖር ነው። ብቻውን ጫካ ገብቶ ሁሉን በራሱ እጅ አደርገዋለሁ የሚል ሰው፤ እግሩ የተሰበረ ዕለት ወይም ወባ የጣለው ዕለት ያልቅለታል። እንግዲህ ስልቻው ሲሰናዳ ለእኛ ከሚበቃው በላይ ጥቂት ጨው፣ ጥቂት መርፌና ክር፣ ጥቂት መድኃኒት ይጨመርበት። ወደ እንግዳ መንደር ባዶ እጁን ከሚገባ ሰው ይልቅ የሚያካፍለው ነገር ያለው ሰው በፊት ገጽታው ይታወቃል። ከጎረቤት ጋራም በሰላሙ ጊዜ መመካከር ይገባል፤ አንዱ ድስት፣ ሁለተኛው መጥረቢያ፣ ሦስተኛው ሸራ ቢይዝ የሁሉም ሸክም ይቀላል።

ስለ አሸካከፍና ስለ ልምምድ

ዕቃው በስልቻው ሲገባ ከባዱ ከጀርባ ተጠግቶ ወደ ትከሻ ከፍ ይበል፤ ቀላሉና ሰፊው ወደ ታች ይሁን። በመንገድ ላይ የሚፈለገው ውሃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የዝናም ልብስና የእጅ ባትሪ ከላይ ይቀመጥ። ቢላዋና ክብሪት በስልቻው ሳይሆን በገላ ላይ ይሁኑ፤ ስልቻ በወንዝ ሊወሰድ ይችላልና። ስልቻውም የሚቀመጥበት ቦታ በጨለማ ለሚዳስስ እጅ የሚገኝ፤ ከበር አጠገብ ያለ ይሁን፤ ከዕቃ ቤት ከሰባት ሣጥን በታች የተቀበረ ስልቻ የለም ማለት ነው።

ተሰናድቶ የተረሳ ስልቻ ደግሞ ከንቱ ነው። ስንቁ ይነቅዛል፤ ባትሪው ይሞታል፤ የልጁም እግር አድጎ ጫማው ይጠበዋል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ በእንቍጣጣሽና በፋሲካ ሰሞን ቤቱ ሲጸዳ፤ ስልቻው ይፈታ። የቆየው በሶ ይበላ፤ አዲስ ይገባበት፤ መድኃኒቱ ቀኑ እንዳላለፈ ይታይ። በዓመትም አንድ ቀን አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ ስልቻቸውን አዝለው ግማሽ ቀን በተራራ መንገድ ይሂዱ፤ በዚያም ድስታቸውን ጥደው፣ ውሃቸውን አጥርተው፣ ምሳቸውን በልተው ይመለሱ። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ይወዱታል። ወላጆች ግን የትኛው ዕቃ ትርፍ እንደ ሆነ፣ የትኛው እንደ ጐደለ፣ ማን ቶሎ እንደሚደክም በዚያች ግማሽ ቀን ያውቃሉ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ በየቤታችሁ አቁማዳና ቦርሳ፣ ገብስና ጨው፣ መርፌና ክር እንዳለ እናውቃለን። የጐደለው ዕቃው ሳይሆን በአንድ ላይ መቀመጡ ነው። ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስታጥፉት የቤታችሁን ሰዎች ሰብስባችሁ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፤ የምንገናኘው የት ነው? ደካማውን የሚይዝ ማን ነው? ውሃችንን የምናጠራው በምን ነው? ለሦስቱ መልስ ያገኘ ቤት የስልቻውን ግማሽ አሰናድቷል። የቀረውን ግማሽ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይሙላው፤ ሳይፈታው በሰላም የሚከርምበትን ዘመን ያድርግለት።